አርባ አንደኛው ሥዕል

ቀኑን የማር ዳቦ ሳሽግ ውዬ፣ ጣቴ ቅርንፉድ ይሸታል፤
ከቶሩን የወጣው አውቶቡስ ጫካው ጥግ ጥሎኝ ይሄዳል።
ሜዳው ወርጭ ለብሶ፣ መሃሉ ላይ ለጀማሪ የሚሰጠው ቴሌስኮፕ
እንደ አዲስ ውርንጭላ በሦስት እግሩ ተንገዳግዶ ይጠብቀኛል።

ቮይቴክ መምህሬ ነው፤ ዕድሜው ከልጄ ዕድሜ ይተካከላል፤
ጢሙ ገና ልምምድ ላይ፣ ቁጣው ግን ጡረታ ሊወጣ ደርሷል።
«ጣትሽን ከመስታወቱ!» ይለኛል፤ እሰበስባለሁ፤
ቅርንፉዴን ጓንቴ ውስጥ ደብቄ እቆማለሁ።

«መጀመሪያ ሰሜንን ፈልጊ» አለኝ።
ቀና ስል አንገቴ ቀጭ አለብኝ።
እኔ የማውቀው የሰሜን ኮከብ ከጋራው ጀርባ ዝቅ ብሎ
የጎረቤት ኩራዝ ይመስል ነበር፣ አንዳንዴም ጨርሶ ተከልሎ።
እዚህ ኀምሳ ሦስት ዲግሪ ሽቅብ፣ ጣራው ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፤
እንደ ተሾመ ዘመድ
ሰላምታውን እንኳ ከላይ ይወረውራል።

ካሜራው ቀጠለ። ብሎኑን አዞርኩት፣ አልያዘም፤
ገፋሁት፣ ለመንኩት፣ አሁንም አልገጠመም።
«ምን ሆነ?» አለ ልጁ።
«ኮከባቸው አልገጠመም» አልኩ በገዛ ቋንቋዬ፣
ብቻዬን ሳቅሁ።
አልተረጎምኩለትም። ይህቺ የእኔና የብሎኑ ትሁን።

ማጥራት ደግሞ ሌላ መከራ ነው። መዘውሩን ብነካው ሰማዩ ተናወጠ፤
ኮከቡ ድፎ ዳቦ አክሎ አበጠ፤
ስመልሰው ኮሰሰ፣ መርፌ ቀዳዳ ሆነ፣
አለፍኩት መሰለኝ፣ ደግሞ ተበተነ።
«ትንሽ... ትንሽ... አቁሚ!»
ትንፋሼን ዋጥኩት፣ መስታወቱን እንዳያለብሰው።

«አሁን ክዳኑን ግጠሚና አንሺ።»
«ከድኜ? ምኑን?»
«ምንም የሌለበትን።»
አበደ ወይስ ይቀልዳል? አነሳሁት።
ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ላይ ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ነጠብጣብ
እንደ ፈሰሰ ሰሊጥ።
«እነዚህ ኮከብ አይደሉም። ካሜራው በራሱ ሙቀት የቃዣቸው ናቸው።
አስቀድመሽ ቅዠቱን እወቂለት፤
ኋላ ከሰማዩ ላይ ትቀንሺለታለሽ።»

ዝም አልኩ።
አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት እያየሁ ስፈርድ
አንድ ቀን እንኳ ክዳኔን ገጥሜ ራሴን አላነሳሁ፤
ስንቱን የገዛ ሙቀቴን
የሌላ ሰው ጠባይ ነው ብዬ ተቀየምኩ?
ተዉት። ብርዱ ነው የሚያስፈላስፈኝ።

የዛሬዋ እንግዳ ስም የላትም፣ ቁጥር ናት፤
በጎኗ የተኛች ጋላክሲ፣ የወደቀች መርፌ ናት።
ብርሃኗ ከቤቱ ሲወጣ ሰው ሰው ተብሎ አልተጠራም፤
ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ካሜራዬ ላይ ሲደርስ ግን አልታየም።
አንደኛው ሥዕል ባዶ። ሁለተኛው ባዶ።
«ስድሳ እናነሳለን፣ ከዚያ እንደራርበዋለን።»
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ይሄማ የእኛ ነው ብዬ
በጣቴ ድሩን ፈተልኩ፣ አንበሳውን አገሳሁ፤
እሱ ግን ድመት መሰለው።

ከፌስታሌ የተሰባበረ የማር ዳቦ አወጣሁ፣ ፋብሪካው የማይሸጠውን፤
ሻይ ተጋራን። ካሜራው በየሁለት ደቂቃው ቀጭ ይላል።
እግሬ ደነዘዘ። ላፍታታው ብዬ ብነሳ
ገመዱን ረገጥኩት።
«ኧረ!»
ቴሌስኮፑ ደነገጠ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ።
ቮይቴክ ምንም አላለም፤ ይህ ከቁጣው ባሰኝ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ከሙቁ ክፍል፣ ስድሳውን ደራረበው።
ጨለማው ሳሳ፤ መሃሉ ላይ አንዲት ጭረት፣
ጥፍር የምታህል፣ ግራጫ፣ በወገቧ ጥቁር መቀነት።
ባዶ ባልኩት በመጀመሪያውም ውስጥ
ነበረች።

«አርባ አንደኛው ተበላሽቷል፣ ጣዪው።»
ከፍቼ አየሁት። ኮከብ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣
እግሬ በተሰናከለበት ቅጽበት አብሮኝ ተሰናክሎ፣
ታጥፎ፣ ተመልሶ፣ አንድ ፊደል ጽፏል፦
ረ፣ ረ፣ ረ፣ ረ፣
መቶ ቦታ፣ በብርሃን፣ በእጄ ጽሕፈት፤
በእግሬ ማለቴ ነው።

አልጣልኩትም።